የሃሎዊን ዱባ ቆሻሻ እንዳይሆን

ኦክቶበር 31 የሚከበረው ሃሎዊን፣ ልጆች እንደ መንፈስ ለብሰው ከረሜላ ለመቀበል በር የሚያንኳኩበት፣ ዱባም እንደ ፊት ተቀርጾ መብራት የሚገባበት በዓል፣ ሲቃረብ በአሜሪካ ሱቆች ደጃፍ ዱባ ይቆለላል። በዓሉ ባለፈ ማግስት ያው ዱባ፣ ዓይንና ጥርስ ወጥቶለት፣ በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ የቆሻሻ መኪና ይጠብቃል። መጣያ ስፍራ ተቀብሮ አየር ሳያገኝ ሲበሰብስ የሚወጣው ሚቴን የተባለ ጋዝ ደግሞ አየርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ ይበረታል። አካባቢን ሳይጎዱ ሃሎዊንን ማክበር ከፈለጋችሁ ትልቁ ሥራ ዱባው ምግብ ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ ነው።

ለመቅረጫ የሚሸጠው ትልቁ ዱባ ውኃ የበዛበት፣ ጣዕሙም የሳሳ ነው። «ሹገር ፓምፕኪን» ወይም «ፓይ ፓምፕኪን» የሚባለው ትንሹ፣ ከ1 እስከ 3 ኪሎ የሚመዝነው፣ ለወጥ ይሻላል። ስትገዙ የታችኛውን በአውራ ጣት ጫን በሉት፤ ከለሰለሰ ተዉት። ከላዩ ባለው እንጨት አንጠልጥላችሁም አትያዙት፤ እንጨቱ ከተነቀለ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የኛ ምክር ጨርሶ አለመቁረጥ ነው። ያልተቆረጠ ጤናማ ዱባ ቀዝቀዝ ባለና ደረቅ ቦታ ከወር በላይ ይቆያል። ዓይኑንና አፉን ከጥቁር ወረቀት ቁረጡና በዱቄት ሙጫ ለጥፉ፤ 1 ማንኪያ ዱቄት በ3 ማንኪያ ውኃ በጥብጦ እሳት ላይ እስኪወፍር ማማሰል ይበቃል። ዝናብ ስለሚያላቅቀው በረንዳ ሥር አስቀምጡት። ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ወደ ቤት አስገቡት፤ አንዴ በረዶ ከሠራ ሲሟሟ ይልፈሰፈሳል። ቀለምና ብልጭልጭ አትቀቡት።

ልጆቹ «ካልቀረጽን» ካሉ ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት ቅረጹ፤ የተቀረጸ ዱባ ብዙ ቀን አይቆይም። መጀመሪያ ላዩን እጠቡ። ቀዳዳውን ከላይ ሳይሆን ከታች ክፈቱ፤ ከላይ የተቆረጠ ክዳን ሲደርቅ ይሸበሸብና ወደ ውስጥ ይወድቃል። ፊት የሚወጣበትን ግድግዳ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል እስኪሆን በማንኪያ ፋቁ። ከዚያ ከወፈረ ለመቁረጥ ያስቸግራል፤ በጣም ከሳሳ ይጎብጣል። የፋቃችሁትን ሥጋ ወዲያው ፍሪጅ አስገቡት፤ ተቀርጾ ደጅ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየውን ግን አትብሉ። ብዙዎች ሻጋታ ለመከላከል ዱባውን በረኪና ውስጥ ይነክሩታል፤ በረኪናው ግን ኋላ ዱባውን የሚበላውን እንስሳ ይጎዳል፣ ለኮምፖስትም (ከተረፈ ምግብና ቅጠል ለሚሠራው ማዳበሪያ) አይበጅም። በ10 ኩባያ ውኃ 1 ኩባያ ኮምጣጤ ቀላቅላችሁ የተቆረጠውን ጠርዝ ጥረጉና ደፍታችሁ አድርቁ። ሻጋታውን ቢያዘገየው እንጂ አያስቀረውም። ለመብራት ክብ ትንሽ ባትሪ ያለውን ከመረጣችሁ የባትሪው ክዳን በብሎን የሚታሰር ይሁን፤ ባትሪውን ሕፃን ከዋጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ሊያቃጥል ይችላል።

ፍሬውን አትጣሉ። ውኃ ውስጥ እሹት፣ ፍሬው ሲንሳፈፍ ክሩን ለዩ። 1 ኩባያ ፍሬ በ2 ኩባያ ውኃና በግማሽ ማንኪያ ጨው 10 ደቂቃ ቀቅሉ፣ አጥልላችሁ በፎጣ አድርቁ፤ ከዚያ በ350 ፋራናይት ኦቨን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ወይም በብረት ምጣድ በመለስተኛ እሳት እያመሳችሁ ቁሉት። ርጥቡን ከቆላችሁት ላዩ ያርርና ውስጡ እንደ ጎማ ይሆናል። ሚጥሚጣ የሚነሰነሰው ከወረደ በኋላ ነው፤ እሳት ላይ ከተደረገ ቤቱን በሳል ያናውጠዋል።

ለዱባ ወጥ ለ1 ኪሎ የተላጠ ዱባ 3 መካከለኛ ሽንኩርት ያለ ዘይት አቁላሉ፣ ግማሽ ኩባያ ዘይትና ከ2 እስከ 3 ማንኪያ በርበሬ ጨምሩ፣ ውኃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ አብስሉት። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ጨውንና ዱባውን ጨምራችሁ ክደኑና 20 ደቂቃ ያህል በዝግታ ይብሰል። የመቅረጫው ዱባ ከሆነ ከዚህ በኋላ ውኃ አትጨምሩ፤ የራሱ ይበቃዋል። ደጋግሞ ማማሰልም ገንፎ ያደርገዋል።

ከምግብ ያለፈው ወደ ኮምፖስት ይሂድ። ሻማ፣ ሙጫና ቀለም ያለበትን አንሱ፣ ፍሬውን አውጡ (አለበለዚያ በጸደይ ይበቅላል)፣ በአካፋ ከታትፉት። በአንድ ባልዲ ዱባ ላይ ሦስት ባልዲ ደረቅ ቅጠል ደርቡ፤ ወቅቱ ቅጠል የሚረግፍበት ስለሆነ አይጠፋም። ቅጠሉ ካነሰ ክምሩ ይጨቀይና ይሸታል። ግቢ ለሌላችሁ፣ ብዙ ከተሞች ከበዓሉ በኋላ ዱባ የሚሰበስቡበት ቦታ ስላላቸው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ስለ ሌላው ባጭሩ። አጥር ላይ የሚዘረጋውን ሰው ሠራሽ የሸረሪት ድር አትግዙ፤ ወፍና ንብ ይጠላለፉበታል። ልብስ ከሆነ አሮጌ አንሶላ እስካሁን ምርጡ መንፈስ ነው፤ እንዳያደናቅፍ ከቁርጭምጭሚት በላይ ቁረጡት። በር ለሚያንኳኩ ልጆች ዳቦ ቆሎ መስጠት ያምራችሁ ይሆናል፤ ግን ብዙ ወላጆች ያልታሸገ ምግብ ከማያውቁት ቤት ስለማይቀበሉ መጨረሻው ቆሻሻ ነው። በትንንሽ ካርቶን የታሸገ ዘቢብ ወይም ከረሜላ ስጡ፤ የተለመደው የከረሜላ ላስቲክ በቤት ሪሳይክል አይወሰድም፣ ካርቶኑ ግን ይወሰዳል።