ሚሊንግ ማሽን ላይ ከመቆምህ በፊት

አዳማ ውስጥ የብረት ሥራ ቤት ለመክፈት የሚያስብ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው የሚሊንግ ማሽኑን፣ ማለትም በሚሽከረከር መቁረጫ ብረት የሚቀርጸውን ማሽን፣ ዋጋ ነው። ጣጣው ያለው ግን መቁረጫውና ማሰሪያው ላይ ነው።

ጀማሪ ከሆንክ ኤች ኤስ ኤስ (HSS፣ ለመቁረጫ የሚሆን ጠንካራ ብረት) መቁረጫ ግዛ። ካርባይድ፣ ማለትም ከእሱ የጠነከረው ግን ተሰባሪው ዓይነት፣ ፈጣን ነው፣ ሙቀትም ይችላል፤ ግን ያረጀና የሚንቀጠቀጥ ማሽን ላይ ጫፉ ቶሎ ይሸረፋል፣ ብርህም አብሮ ይሄዳል። ለአሉሚኒየም ባለ 2 ወይም ባለ 3 ጥርስ ውሰድ፣ ፍቅፋቂው መውጫ ይፈልጋላ። ለብረት ባለ 4። ባለ 10 ሚሊ ኤች ኤስ ኤስ ለስላሳ ብረት ላይ በደቂቃ 950 ዙር አካባቢ ይበቃዋል፤ መቁረጫው ሲወፍር ዙሩን ቀንስ።

መቁረጫውን በትራፓኖ ቻክ (የመብሻ መያዣ) እንዳታስር! ቻክ የተሠራው ቁልቁል ለመብሳት ነው፣ የጎን ግፊት አይችልም፤ መቁረጫው ቀስ እያለ ይንሸራተትና ወይ ሥራህን ይበላል ወይ ተሰብሮ ይፈናጠራል። ልኩ የሆነ ኮሌት (የመቁረጫውን ዘንግ ዙሪያውን ጨምቆ የሚይዝ ቀለበት) ግዛ፣ ስታስርም መቁረጫው ከሚያስፈልገው በላይ ወጥቶ አይንጠልጠል። ሥራውን፣ ማለትም የምትቆርጠውን ዕቃ፣ ሞርሳ ላይ በደንብ አጥብቀህ እሰር። ጠረጴዛውን የሚያንቀሳቅሰው ብሎን አርጅቶ ልል ከሆነ ሥራውን ከመቁረጫው ዙር በተቃራኒ ግፋ፣ አለበለዚያ ጎትቶ ይወስድብሃል።

ጓንት አድርገህ የሚሽከረከር መቁረጫ አጠገብ አትድረስ፣ ጣትህን ይዞ ይጠመጥመዋል። ፍቅፋቂውን በብሩሽ ጥረግ። መነጽር ግዴታ ነው፤ የአዳማ ነፋስ በር ከፍተህ ስትሠራ ብናኙን ፊትህ ላይ ነው የሚመልሰው። መቁረጫውን ስታስር ከማሽኑ አናት ላይ የሰካኸውን መፍቻ ሳታወልቅ ሞተር አታስነሳ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማብሪያውን ወዲያው አጥፋ፣ አንዳንድ አሮጌ ማሽን መብራት ሲመጣ በራሱ ይነሳል።