ማሳን ሌሊት የሚያጠፋውን አውሬ በካሜራ ለይቶ ለማወቅ፦ አመራረጥና አተካከል

ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ባለን የኦቾሎኒ ማሳ ላይ መስመሩ ሌሊት ሌሊት እየተቆፈረ ሲያድር ጥፋተኛው ከርከሮ ነው ብለን ደምድመን ነበር። እሾህ ደራርበን አጠርን፣ ቆርቆሮ እየደበደብን በየተራ አደርን፤ ጉዳቱ ግን አልቀነሰም። ካሜራ በተከልን በአራተኛው ሌሊት የተነሣው ምስል የሚያሳየው ሁለት ጃርቶች በአጥሩ ግርጌ አፈሩን ፍቀው ሲገቡ ነው። ከርከሮ በአመዛኙ ቀን የሚሰማራ እንስሳ ስለሆነ የምስሉ ሰዓት ብቻውን ብዙ ይናገር ነበር። ጃርትን የሚያቆመው ከፍ ያለ እሾህ ሳይሆን መሬት ውስጥ ገብቶ የተቀበረ ሽቦ ነው፤ ስለዚህ ማንኛውም ገበሬ ለአጥር ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት የሚመጣውን እንስሳ በዓይኑ ቢያይ ይጠቀማል።

ለዚህ ሥራ የሚውለው፣ እንስሳ ሲያልፍ በራሱ የሚያነሣው ካሜራ «ካሜራ ትራፕ» ወይም «ትሬይል ካሜራ» ይባላል። ሲገዙ በመጀመሪያ ዓይን የሚገባው በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ሜጋፒክስል ነው፤ ይህ ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ በሶፍትዌር ተለጥጦ የተገኘ ስለሆነ ሊመዘን የሚገባው ሌላ ነገር ነው። ካሜራው የሚነቃው ከፊቱ የሚያልፈው አካል ሙቀት ከጀርባው ካለው መሬትና ቅጠል ሙቀት ሲለይ ነው። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው፤ የእንስሳው ገላ ጎልቶ ይለያል። ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ አየሩ 35 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የእንስሳውና የአካባቢው ሙቀት ስለሚቀራረብ ካሜራው አጠገቡ ያለፈውን እንስሳ ሳያነሣ ሊቀር ይችላል። በቆላ የሚሠራ ሰው የሙቀት ልዩነትን የመለየት ንቃቱን ከፍ ማድረግ የሚያስችል፣ ከነቃ በኋላም በግማሽ ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ የሚያነሣ ካሜራ ይምረጥ። የሚዘገይ ካሜራ የሚያስቀረው የጭራ ምስል ብቻ ነው።

ካሜራው በጨለማ የሚያነሣበት የኢንፍራሬድ መብራት በሞገዱ ርዝመት (በናኖሜትር) የሚለይ ሁለት ዓይነት ነው። 850 ናኖሜትር የሆነው ራቅ አድርጎ ያበራል፤ ነገር ግን ሲነሣ ደብዘዝ ያለ ቀይ ነጥብ ይታይበታል። 940 ናኖሜትር የሆነው ለዓይን አይታይም፤ በምትኩ ርቀቱ ያጥራል፣ ምስሉም ትንሽ ጥራት ይጎድለዋል። ማሳው መንገድ ዳር ከሆነ ቀይዋ ነጥብ ለሌባ ምልክት ስለምትሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

በባትሪ ላይ መቆጠብ አይገባም። አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ በርካሽ የገዛኋቸው ስምንት ድንጋዮች ሳምንት ሳይሞላቸው አልቀው፣ ጃርቶቹ ሲመላለሱ ካሜራው ባዶ ቀፎ ሆኖ ቆየ። ሊቲየም ባትሪ ውድ ቢሆንም ኃይሉ እስከ መጨረሻው ሳይዋዥቅ ይቆያል። ሚሞሪ ካርዱንም በስልክ ወይም በኮምፒውተር ሳይሆን በራሱ በካሜራው ፎርማት ማድረግ (አጥፍቶ እንደ አዲስ ማዘጋጀት) ይሻላል።

ከዋጋው ይልቅ ውጤቱን የሚወስነው አተካከሉ ነው። ካሜራው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ከዞረ የጠዋቱና የማታው ፀሐይ ፊት ለፊት ስለሚመታው ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ እንዲያይ ይደረግ። ለጃርትና ለከርከሮ ከጉልበት እስከ ወገብ ያለው ከፍታ በቂ ነው፤ ከእንስሳው መተላለፊያም ከአራት እስከ ስድስት ሜትር ይራቅ፤ ከዚያ ከቀረበ መብራቱ የጃርቱን እሾህ አንጸባርቆ ምስሉን ነጭ ያደርገዋል። መንገዱን ቀጥ ብሎ ከማቋረጥ ይልቅ ገደድ ብሎ እንዲመለከት ሲደረግ እንስሳው በካሜራው ዕይታ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ፊት ለፊት ያለውን ረጅም ሣርና ቅርንጫፍ ማጨድ ግድ ነው፤ በፀሐይ የጋለ ቅጠል በነፋስ ሲወዛወዝ ካሜራው እንስሳ መስሎት ካርዱን በባዶ ምስል ይሞላዋል። የሚታሰርበት ግራርም ወፍራም ይሁን፤ ቀጭን ግንድ ራሱ ይወዛወዛል።

ጅብ በሚመላለስበት ቦታ ካሜራው በጥርስ መሞከሩ አይቀርም። በሐረር ጅቡ ሰው የለመደ ስለሆነ አዲስ ዕቃን ብዙም አይሸሽም፤ የዝንጀሮ መንጋም ባለበት ዕቃ ተነካክቶ መውደቁ የታወቀ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ካሜራውን ሁለት ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ወደ ታች ማዘንበልና በብረት ሳጥን መቆለፍ ይሻላል።

በድሬዳዋ ዙሪያ እንስሳት በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ መጓዝ ስለሚወዱ ካሜራውን እዚያው መትከል ያጓጓል። ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. ክረምት በድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ የደረሰውን የጎርፍ አደጋ የሚያስታውስ ሰው እንደሚያውቀው፣ ዝናቡ ደጋ ላይ ጥሎ ውኃው ሌሊት በድንገት ሊመጣ ይችላል። ቅርንጫፎች ላይ ተጠምጥሞ የቀረውን የደረቀ ሣርና ጭራሮ ተመልክቶ ካሜራውን ከዚያ ምልክት በላይ፣ በወንዙ ዳርቻ ማሰር ነው።

ሰዓቱ ሲሞላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካሜራው የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓትና ቀን ስለሆነ ምስሉ ላይ 21:00 የሚለው በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር 3:00 ብሎ የሞላ ሰው በምሽት የመጣውን እንስሳ በውድቅት ሌሊት እንደመጣ አድርጎ ይመዘግባል፤ ጥበቃውንም በተሳሳተ ሰዓት ያወጣል።

እንስሳው ከታወቀ በኋላም መግደል መፍትሔ አይደለም። በአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት አደን ያለ ፈቃድ የተከለከለ ነው፤ በ1970 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ክልል ውስጥ ደግሞ ካሜራ ለመትከልም አስቀድሞ ማስፈቀድ ይገባል። ጎረቤትንም መንገር አይረሳ፤ ውኃ ለመቅዳት በዚያ የሚያልፉ እናቶች ሳያውቁ መነሣታቸው ተገቢ አይደለም።

ካሜራው ከታሰረ በኋላ በእንስሳው መንገድ ላይ ጎንበስ ብሎ በቀስታ ማለፍና የተነሣውን ምስል እዚያው ማየት ያስፈልጋል፤ ጭንቅላት ወይም እግር ከተቆረጠ ማሰሪያው ይስተካከል። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሳይነካ ይቆይና በቀን፣ በቀትር ሰዓት ሄዶ ካርዱን መቀየር ነው።