አማተር ሬዲዮ፦ በአሜሪካ ለሚኖር ጀማሪ የማዳመጥ፣ የፈቃድና የአንቴና መመሪያ

አማተር ሬዲዮ ግለሰቦች መንግሥት በሰጣቸው ፈቃድ የራሳቸውን ጣቢያ አቁመው፣ ለዚሁ በተመደቡ የሬዲዮ ሞገዶች፣ ከጎረቤት ከተማም ሆነ ከሌላ አህጉር ሰው ጋር ያለ ንግድና ያለ ክፍያ የሚገናኙበት አገልግሎት ነው። የእጅ ስልክ ባለበት ዘመን ይህ ምን ይጠቅማል የሚል አይጠፋም። እዚህ ግን በሁለቱ ሰዎች መካከል የማንም ኩባንያ መስመር የለም፤ ያለው ሽቦ፣ አየርና የፀሐይ ጠባይ ነው፤ ግንኙነቱ የሚሳካውም እርስዎ እነዚህን ባወቁት ልክ ነው።

የፈቃድ ደንብ ከአገር አገር ስለሚለያይ ይህ ጽሑፍ በዩናይትድ ስቴትስ ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ተዘጋጅቷል፤ ስለ ማዳመጥና ስለ አንቴና የተባለው ግን የትም ላለ ሰው ይሠራል። ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ሬዲዮ በመግዛት ይጀምራሉ። እኔ የምመክረው ግን መጀመሪያ ጆሮን ማሠልጠን፣ ቀጥሎ ፈቃድ ማውጣት፣ ከዚያ ሽቦ መዘርጋት፣ ውድ ሬዲዮ መግዛትን ደግሞ ለመጨረሻ ማቆየት ነው።

በቅድሚያ ማዳመጥ

የአማተር ሞገዶችን ማዳመጥ ፈቃድ አይጠይቅም፤ መቀበያ መግዛትም ግድ አይደለም። በኔዘርላንድስ በትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውና ለማንም ክፍት የሆነው የኢንተርኔት መቀበያ ከ29 ሜጋኸርዝ በታች ያለውን የአጭር ሞገድ ክልል ያሰማል። ከ14.150 እስከ 14.350 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ «ዩኤስቢ» የሚለውን ይምረጡ፤ ይህ የሞገዱ የላይኛው ጎን ማለት ነው እንጂ ከኮምፒውተር መሰኪያው ጋር የስም መገጣጠም ካልሆነ በቀር ግንኙነት የለውም። ከ10 ሜጋኸርዝ በታች፣ ለምሳሌ በ7 ሜጋኸርዝ፣ በልማድ የሚሠራበት የታችኛው ጎን «ኤልኤስቢ» ነው። የሚሰሙት ድምፅ እንደ ዳክዬ የሚንጫጫ ከሆነ ማስተካከያውን በጣም በጥቂት በጥቂቱ ያዙሩት፤ የሰው ድምፅ ሆኖ የሚጠራበት ቦታ ጠባብ ነው።

ድምፁ ከጠራልዎ በኋላ የንግግሩን ሥርዓት ይከተሉ። አንዱ «ሲኪው» እያለ ማንም ሰው እንዲመልስለት ይጣራል፤ የሚመልሰው የራሱን የጥሪ ምልክት (ከፈቃዱ ጋር የሚሰጠውን የጣቢያ መለያ) በፊደል መጥሪያ ቃላት፣ ማለትም አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ እያለ ይናገራል፤ ቀጥሎ የድምፅ ደረጃ ይለዋወጣሉ። «ሃምሳ ዘጠኝ» ቢባል አምስቱ ንግግሩ ያለ ችግር እንደሚሰማ፣ ዘጠኙ ደግሞ የሞገዱ ጉልበት ከፍተኛ መሆኑን ያመለክታል። ስምና ከተማ ይከተላል፤ መሰናበቻው «ሰባ ሦስት» ነው። ይህን ሥርዓት ለጥቂት ሳምንታት በየምሽቱ የሰማ ሰው ማይክሮፎን ሲጨብጥ ምን እንደሚል አይጨነቅም።

ከሰው ንግግር ሌላ ልዩ ጥቅም የሚሰጥ ነገር በ14.100 ሜጋኸርዝ ይሰማል። በዓለም ዙሪያ የተተከሉ 18 ጠቋሚ ጣቢያዎች በዚሁ ድግግሞሽ ላይ እያንዳንዳቸው ለ10 ሰከንድ በተራ ይጣራሉ፤ ዙሩም በየ3 ደቂቃው ይደገማል። ከእነዚህ መካከል በኬንያ፣ በደቡብ አፍሪካና በእስራኤል ያሉ ይገኙበታል። እያንዳንዱ ጣቢያ ስሙን በሞርስ (ፊደላትን በአጭርና በረጅም ድምፅ በሚልከው ኮድ) ከላከ በኋላ አራት ረዣዥም ድምፆችን ያሰማል፤ የመጀመሪያው በ100 ዋት፣ ሁለተኛው በ10፣ ሦስተኛው በ1፣ የመጨረሻው በአንድ አሥረኛ ዋት ነው። ሞርስ ባያውቁ እንኳ የተራውን ሰንጠረዥና ትክክለኛ ሰዓት ይዘው የትኛው አገር እየተሰማ እንደሆነ፣ ስንተኛው ድምፅ ላይ እንደጠፋም መለየት ይችላሉ። አንድ ዋት ከኬንያ መሰማቱን ሲያውቅ፣ ጀማሪ ብዙ ኃይል ያለው ሬዲዮ ካልገዛሁ የሚለው ሐሳቡ ይቀንሳል።

የሰሙትን ሁሉ ከነድግግሞሹና ከነሰዓቱ በደብተር ይመዝግቡ። ሰዓቱ በዓለም አቀፉ ዩቲሲ ይሁን። ለእኛ ይህ ቀላል ነው፤ ከዩቲሲ ላይ 3 ሰዓት ሲቀንሱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚነበበውን ሰዓት ያገኛሉ። 12 ዩቲሲ አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ 18 ዩቲሲ ደግሞ 15 ይመጣል፤ 12 ሲወጣለት ከምሽቱ 3 ሰዓት ይሆናል።

ፈተናውና ፈቃዱ

ፈቃዱን የሚሰጠው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ነው። ደረጃዎቹ ሦስት ናቸው፦ ቴክኒሽያን፣ ጄኔራልና ኤክስትራ። የቴክኒሽያን ፈተና 35 ጥያቄዎች ሲኖሩት 26 የመለሰ ያልፋል። የዕድሜ ገደብ የለም፤ የውጭ መንግሥት ተወካይ ካልሆኑ በቀር ዜግነትም አይጠየቅም፤ በአሜሪካ ውስጥ ደብዳቤ የሚደርስዎት አድራሻና ኢሜይል ግን ያስፈልጋል። ከፈተናው በፊት በኮሚሽኑ ድረ ገጽ ተመዝግበው መለያ ቁጥር ያውጡ። ለኮሚሽኑ የሚከፈለው 35 ዶላር ሲሆን ፈተናውን የሚሰጡት በጎ ፈቃደኛ አማተሮች ለወጪያቸው አነስተኛ ተጨማሪ ገንዘብ ሊጠይቁ ይችላሉ። ፈቃዱ ለ10 ዓመት ያገለግላል። የሞርስ ኮድ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለፈተና አይጠየቅም።

ጥያቄዎቹ ከነመልሶቻቸው አስቀድመው የሚታተሙ በመሆናቸው ሸምድዶ ማለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን አልደግፈውም። በቮልቴጅ፣ በከረንትና በኃይል መካከል ያለውን ዝምድና እንዲሁም 300ን ለሜጋኸርዝ በማካፈል የሞገድ ርዝመት በሜትር እንደሚገኝ የተረዳ ሰው ከጥያቄዎቹ ብዙዎቹን ሳይሸመድድ ይመልሳል፤ በኋላ አንቴና ሲሠራም ይህንኑ ይጠቀምበታል። የጥያቄው ስብስብ በየአራት ዓመቱ ስለሚለወጥ፣ የቴክኒሽያኑም ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በአዲስ ስለሚተካ፣ ያረጀ መጽሐፍ በርካሽ እንዳይገዙ ይጠንቀቁ። ሌላም ነገር አለ፤ ለፈቃዱ የሰጡት የደብዳቤ አድራሻ ለሕዝብ በሚታይ መዝገብ ላይ ይወጣል፤ ቤትዎ እንዲታወቅ ካልፈለጉ አስቀድመው የፖስታ ሣጥን ይከራዩ።

የመጀመሪያው ንግግር

ቴክኒሽያን ከ50 ሜጋኸርዝ በላይ ባሉት የአማተር ባንዶች (የሞገድ ክልሎች) ሁሉ መሥራት ይችላል። በዚህ ደረጃ ርካሽ የእጅ ሬዲዮ ይበቃል። የእጅ ሬዲዮ ኃይሉ 5 ዋት ያህል ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከፍታ ላይ በተተከለ ሪፒተር በኩል ነው። ሪፒተሩ በአንድ ድግግሞሽ ይሰማል፣ በሌላ ይናገራል፤ በ2 ሜትር ባንድ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአሜሪካ 600 ኪሎኸርዝ ነው። አብዛኞቹ ሪፒተሮች የማይሰማ ዝቅተኛ ቃና ከድምፁ ጋር ካልመጣላቸው አይከፈቱም። «ሰዎችን እሰማለሁ፣ እኔን ግን ማንም አይሰማኝም» የሚለው የጀማሪዎች ቅሬታ ብዙውን ጊዜ ይህ ቃና አለመሞላቱ ነው። ያለ ሪፒተር በቀጥታ ለመጣራት 146.520 ሜጋኸርዝ የተለመደው መገናኛ ነው።

በአማርኛ መነጋገር ይፈቀዳል። ምስጢር ለመሸሸግ የተሠራ ኮድ የተከለከለ ነው እንጂ የሰው ቋንቋ ኮድ አይደለም። ስለዚህ «ጋሼ፣ ዛሬ እንዴት ይሰሙኛል?» ብለው መጀመር ይችላሉ፤ የጥሪ ምልክትዎን ግን ቢያንስ በየ10 ደቂቃውና በንግግሩ ማብቂያ ላይ በእንግሊዝኛ መናገር ግዴታ ነው። ንግድ ማካሄድ፣ ለሕዝብ ማሠራጨትና ሙዚቃ ማሰማት ክልክል ነው። ይህ መዝሙርንም ይጨምራል፤ መኪና ውስጥ መዝሙር ከፍተው የመናገሪያውን ቁልፍ ከመጫንዎ በፊት ድምፁን ያጥፉ።

ሽቦውን መዘርጋት

ወደ ሩቅ አገር የሚያደርሰው አጭር ሞገድ ነው፤ በዚህ ላይ ገንዘብዎንም ጊዜዎንም ቢያወጡ የሚክስዎት አንቴናው ነው። ለጀማሪ ከዳይፖል የተሻለ የለም። ዳይፖል መሃሉ ላይ ተቆርጦ ከኮአክሲያል ገመድ ጋር የተያያዘ ሽቦ ሲሆን ጠቅላላ ርዝመቱ በሜትር 143ን በሜጋኸርዝ በማካፈል ይገኛል። ለ14.250 ሜጋኸርዝ ሲሰላ 10 ሜትር ከ4 ሳንቲሜትር ያህል፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ክንድ 5 ሜትር ከ2 ሳንቲሜትር ይሆናል። ሲቆርጡ ግን እያንዳንዱን ክንድ 5 ሜትር ከ20 ያድርጉት፤ ከፍታው፣ አፈሩ፣ አጠገቡ ያለው ጣሪያና የሽቦው ልባስ ሁሉ ሒሳቡን ስለሚያዛቡት የሚቀነስ ትርፍ ያስፈልጋል።

ሽቦውን ከሰቀሉ በኋላ ከአንቴናው ወደ ሬዲዮው የሚመለሰውን ኃይል መጠን በመለኪያ ይመልከቱ፤ በሙያው ቋንቋ ኤስደብሊውአር ይባላል። 1 ለ1 ፍጹም ነው፤ እስከ 2 ለ1 ድረስ በሰላም ይሠራል፤ 3 ለ1 ከደረሰ ግን የሆነ ቦታ ስሕተት አለ። ዋናው ነገር ቁጥሩ ዝቅተኛ የሚሆንበትን ድግግሞሽ ማግኘት ነው። ለምሳሌ ዝቅተኛው በ13.9 ሜጋኸርዝ ላይ ቢገኝ ሽቦው ረዝሟል ማለት ነው። 143 ለ13.9 ሲካፈል 10 ሜትር ከ29 ይመጣል፤ ከተፈለገው ርዝመት ጋር ያለው ልዩነት 25 ሳንቲሜትር ስለሆነ ከየክንዱ 12 ሳንቲሜትር ያህል መቀነስ ይኖርበታል። በአንድ ጊዜ ግን አይቁረጡት። መጀመሪያ 6 ሳንቲሜትር ያህሉን ወደ ኋላ አጥፈው ከሽቦው ጋር በደንብ ይጠምዝዙት፣ ሰቅለው ይለኩ፣ ከዚያ ይቀጥሉ፤ የታጠፈ ይዘረጋል፣ የተቆረጠ ግን አይቀጠልም። ኮአክሲያሉ ከሽቦው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ገመዱን በፌራይት ቀለበት ውስጥ ጥቂት ዙር ማዞር ገመዱ ራሱ አንቴና ሆኖ የቤት ውስጥ ጫጫታ እንዳይሰበስብ ያግዛል።

ለዚህ ባንድ 10 ሜትር ከፍታ ቢገኝ መልካም ነው፤ ባይገኝም በ6 ሜትር ይሠራል። ዳይፖል አብዛኛውን ጉልበቱን የሚልከው ከሽቦው ጎን ወደሚገኙት ሁለት አቅጣጫዎች ነው። ከዋሽንግተን አካባቢ አዲስ አበባ 11,500 ኪሎሜትር ያህል ርቃ፣ አጭሩ መንገድ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አዘንብሎ በ66 ዲግሪ ላይ ትገኛለች፤ ስለዚህ ሽቦው ከሰሜን ሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ደቡብ ምሥራቅ ቢዘረጋ ጎኑ ወደ አገር ቤት ይዞራል። በአፓርታማ የሚኖርና መስቀያ የሌለው ሰው ሽቦውን ጠቅልሎ ወደ መናፈሻ መውሰድ ይችላል፤ ከመናፈሻ መሥራት ራሱን የቻለ ተወዳጅ ዘርፍ ሆኗል። በማንኛውም ሁኔታ ግን ሽቦም ሆነ ገመድ በኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ አይወርውሩ፤ ቢወድቅ እንኳ መስመሩን የማይነካበት ርቀት ይጠብቁ። መብረቅ ከመምጣቱ በፊት ገመዱን ከሬዲዮው ይንቀሉ።

ወደ ሩቅ መድረስና ጆሮን ማሳል

አጭር ሞገድ ሩቅ የሚሄደው የላይኛው አየር ክፍል በፀሐይ ጨረር ተሞልቶ ሞገዱን ወደ ምድር ስለሚመልሰው ነው። ቀን ቀን ዝቅ ብሎ የሚፈጠረው ንብርብር የ7 ሜጋኸርዝና ከዚያ በታች ያሉትን ሞገዶች ስለሚውጥ እነዚህ ባንዶች ለሩቅ ግንኙነት የሚመቹት በሌሊት ነው፤ ከ14 ሜጋኸርዝ በላይ ያሉት ደግሞ በአብዛኛው የቀን ናቸው። ቴክኒሽያን በአጭር ሞገድ በድምፅ የተፈቀደለት ከ28.300 እስከ 28.500 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው፤ ይህ ባንድ የፀሐይ እንቅስቃሴ ሲያይል አህጉር ያቋርጣል፣ ሲዳከም ግን ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል። ስለዚህ ወደ ጄኔራል ደረጃ ለማለፍ አይዘግዩ።

ኢትዮጵያን ለማግኘት የሚፈልግ «ኢቲ3ኤኤ» የተባለውን ጣቢያ ያድምጥ፤ ይህ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክለብ ጣቢያ ሲሆን የሚገኘው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ ግቢ ነው። ጣቢያው አየር ላይ ሲወጣ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ይጠራዋል። እንዲህ ባለ ግርግር ውስጥ የሚሳካለት ከሁሉ በላይ የሚጮኸው አይደለም። ጣቢያው «አፕ» ካለ የሚሰማው ከሚናገርበት ከፍ ብሎ ነው፤ መጀመሪያ ማንን እንደመለሰና ያ ሰው የት ሆኖ እንደጠራ ይፈልጉ፤ ከዚያ ሙሉ የጥሪ ምልክትዎን አንድ ጊዜ ብቻ ብለው ዝም ይበሉ። ሌላውን ሰው ሲጠራ አይግቡበት።

ችሎታ ለማሳደግ ሞርስ አሁንም ወደር የለውም፤ በጥቂት ዋት ሩቅ ይደርሳል። ፊደላቱን በነጥብና በሰረዝ ሥዕል አይማሯቸው፤ በደቂቃ 20 ቃል በሚሆን ፍጥነት ሁለት ፊደላትን ብቻ ይዘው ይጀምሩ፤ ከመቶ 90 በትክክል ሲጽፉ ሦስተኛውን ይጨምሩ። በቀን 15 ደቂቃ ሳያቋርጡ መሥራት እሑድ እሑድ ለሰዓታት ከመቀመጥ ይሻላል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤፍቲ8 የተባለው የኮምፒውተር ዘዴ ደግሞ በየ15 ሰከንዱ እየተፈራረቀ ጆሮ የማይለየውን ደካማ ሞገድ ያነባል፤ የኮምፒውተሩ ሰዓት ትክክል መሆን አለበት። አንቴናዎ የት የት እንደሚደርስ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያሳይዎታል፤ የንግግር ብልሃት ግን አያስተምርም፣ ስለዚህ ብቻውን አይያዙት። በየዓመቱ በጁን ወር አራተኛው ሙሉ ቅዳሜና እሑድ አማተሮች ከቤት ውጭ ጣቢያ የሚተክሉበት ፊልድ ዴይ አለ፤ ብዙ ክለቦች ለእንግዳ የሚሆን ጣቢያ ስለሚያዘጋጁ ፈቃድ የሌለውም ሰው ባለፈቃድ አጠገቡ ተቀምጦ ሊናገር ይችላል።

ወደ ኢትዮጵያ ሲጓዙ የእጅ ሬዲዮውን ሻንጣ ውስጥ አይክተቱ። የአሜሪካ ፈቃድ እዚያ አይሠራም፤ መሣሪያ ለማስገባትም ሆነ ለመናገር ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አስቀድሞ የተሰጠ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከጉዞዎ ብዙ ቀደም ብለው ማኅበሩን ቢያነጋግሩ በክለቡ ጣቢያ መሥራት የሚቻልበትን መንገድ ይነግሩዎታል።