ብስክሌት ሲለምዱ ሚዛን የሚያስቱ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ሜዳማ ስለሆነች ብስክሌት ለመልመድ ትመቻለች። ጀማሪን ደጋግሞ የሚጥለው ግን ከመንገዱ ይልቅ የእጁ አያያዝ ነው።

መሪን ጨምድዶ መያዝ። ብስክሌት ቀጥ ብሎ የሚሄደው መሪው ጥቂት ጥቂት ወዲያና ወዲህ ሲል ነው። ወደ ግራ ማዘንበል ከጀመረ መሪውም ወደ ግራ መዞር አለበት፤ ያን ጊዜ ጎማዎቹ ተመልሰው ከክብደትዎ ሥር ይገባሉ። የደነገጠ ሰው ግን ወደ ቀኝ ይጠመዝዘዋል ወይም ክርኑን አድርቆ ያግደዋል፤ ወዲያው ይወድቃል። ክርንዎን አጠፍ፣ ጣትዎን ላላ ያድርጉ። የሚያለማምድ ሰውም መሪውን አይንካ፤ ልጁን ከኋላ በብብቱ ሥር ይደግፈው። መሪው ተይዞለት የለመደ ልጅ ሲለቁት ይወድቃል።

ኮርቻን ከፍ አድርጎ መጀመር። ሁለቱም እግሮችዎ ሙሉ በሙሉ መሬት እስኪረግጡ ዝቅ ያድርጉት። ፔዳሎቹንም ቢያወጧቸው ይሻላል፤ አብዛኞቹ በ15 ቁጥር ቁልፍ ይፈታሉ። በየጎናቸው ፊት ለፊት ቆመው ሲያዩዋቸው የቀኙ እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ሲዞር ይላቀቃል፤ የግራው ጥርስ ተቃራኒ ስለሆነ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። ይህን ሳያውቁ የሚታገሉ ሰዎች ጥርሱን ይበሉታል። ከዚያ መሬቱን በእግርዎ እየገፉ ይንሸራተቱ፤ እግር ሳያወርዱ 10 ሜትር ያህል ሲሄዱ ፔዳሎቹን ይመልሱ።

በጣም መዝገም። ከእርምጃ በዘገየ ፍጥነት ብስክሌት ይንገዳገዳል፤ የሶምሶማ ያህል ሲፈጥን ይረጋጋል። ዓይንዎንም ከፊት ጎማ ላይ ያንሱ፤ ጉድጓድ ላይ ካፈጠጡ ይገቡበታል።

የፊት ፍሬንን ብቻ መጨበጥ። ከመውጣትዎ በፊት ብስክሌቱን እየገፉ የፊቱን ጎማ የሚይዘው የትኛው እጀታ እንደሆነ ይለዩ፤ ከብስክሌት ብስክሌት ይለያያል። ድንገት ከያዙት የኋላው ጎማ ይነሳል፤ ጠጠር ላይ ደግሞ የፊቱ ይሸሻል። ወገብዎን ወደ ኋላ ስበው ሁለቱንም ቀስ በቀስ ይጫኑ። ክረምት ላይ ቸርኬው ሲርስ ፍሬኑ ዘግይቶ ነው የሚይዘው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ የደነዘዘ ጣት በወቅቱ አይጨብጥም፤ ፀሐይ እስክትሞቅ ይጠብቁ ወይም ጓንት ያድርጉ።

ለቁልቁለት መቸኮል። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው መንገድ ለጀማሪ አይደለም፤ ኩርባው ብዙ፣ ጉሙ ድንገተኛ፣ ከባድ መኪናው ተከታታይ ነው። የትኛውም ቁልቁለት ላይ ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ከመድረሱ በፊት ነው፤ ብስክሌቱ አዘንብሎ ሳለ ፍሬን መያዝ ጎማውን ያንሸራትተዋል።

ጋቢዎን ከኋላ ጎማ፣ ሱሪዎን ከሰንሰለቱ ያርቁ፤ የሱሪውን የቀኝ እግር ጫፍ ካልሲ ውስጥ ማስገባት ይበቃል።