ኮምቢዋ ዳገት ላይ እየጋለች የምትቆመው በምን ነበር?

አሮጌ ፎልክስዋገን ኮምቢ ወደ መኝታ መኪና እየቀየራችሁ ያላችሁ ይህን አንብቡ። የእኔዋ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚያወጣው ዳገት ላይ ሞተሯ እየጋለ ጉልበት ታጣና ቀጥ ትል ነበር። የጠየቅኳቸው መካኒኮች ሁሉ ችግሩ ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ነው አሉ። ካርቡሬተሩ ግን ንጹህ ነው።

ይቺ መኪና ራዲያተር የላትም። ፋኑ ከላይ ቀዝቃዛ አየር ይስባል፣ አየሩ ሞተሩን አቀዝቅዞ ትኩስ ሆኖ በታች ይወጣል፣ ሁለቱ እንዳይገናኙ የሚለያቸው ደግሞ በሞተሩ ላሜራና በቦዲው መካከል ዙሪያውን የሚገባው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ነው። የእኔዋ ላይ ደርቆ ረግፏል። ሞተሩን አስነስቼ የሶፍት ቁራጭ ክፍተቱ ስር ስይዝ ሽቅብ ተሳበ (አጥብቃችሁ ያዙት፣ ፋኑ ውስጥ እንዳይገባ)። የተፋችውን ሙቀት መልሳ እየማገች ነበር ማለት ነው! አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ማቀዝቀዙም ያንሳል።

መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርጄ የበር ጎሚኒ ገዛሁ፤ ጥግ ጥጉን በቢላ እየቀነስኩ አስገባሁት። ዋናውን ካገኛችሁ እሱ ይሻላል፣ ሙቀት ይችላል። አሁን በሁለተኛ ማርሽ ቀስ እያልኩ ሳልቆም ሱሉልታ እገባለሁ። ቀጣዩ ደብረ ሊባኖስ ነው፤ ፍራሹም ምድጃውም ተጭኗል።