እናትን ወይም አባትን ይዞ ለስኖውቦርድ ወደ ኮሎራዶ ተራሮች እንዴት እንደሚኬድ

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስፕሪንግ ብሬክ የሚባለው የአንድ ሳምንት ዕረፍት አብዛኛውን ጊዜ መጋቢት ላይ ይውላል። ብዙው ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ ሲጎርፍ፣ ከእናቱ ወይም ከአባቱ ጋር በስኖውቦርድ፣ ማለትም ሁለቱም እግሮች በሚታሰሩበት አንድ ሰሌዳ፣ በረዶ ላይ ሊንሸራተት የሚነሳም አለ። ይህ መመሪያ ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ ነው። ምሳሌ ያደረግሁት ኮሎራዶን ነው። በዴንቨርና በጎረቤቷ በአውሮራ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ ማረፊያ ዘመድ አይጠፋም፤ ተራሮቹም መንገዱ ካልተጨናነቀ በመኪና ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ቢርቁ ነው። ሰዓቶቹን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

ወላጅን ማሳመን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። "ሐበሻና በረዶ ምን አገናኛቸው?" የሚሉ አባት ካጋጠሟችሁ፣ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በአገር አቋራጭ ስኪ (በየእግሩ አንድ አንድ ቀጭን ሰሌዳ ታስሮ በረዶ ላይ በሚኬድበት ስፖርት) መወዳደሩን ንገሯቸው። ስኖውቦርድም ቢሆን ገና የትናንት ስፖርት ነው። ሸርማን ፖፐን የተባለ የሚቺጋን ሰው እ.ኤ.አ. በ1965 ለሴቶች ልጆቹ ሁለት ስኪ አያይዞ የሠራው መጫወቻ ነው መነሻው፤ ኦሊምፒክ የገባውም በ1998 በናጋኖ ነው። ወላጅ ለልጆቹ የሠራውን ወላጅ ቢሞክረው ነውር የለውም።

1. ተራራውንና ቀኑን ምረጡ

የዚህ ጉዞ ልክ የወላጁ ጉልበት ነው። ተራራውን፣ ሰዓቱን፣ ምሳውን ሁሉ የምትመርጡት ከዚህ ተነስታችሁ ነው። ስለዚህ ዝነኛ ቁልቁለት ያለውን ሳይሆን ሰፊና ረጋ ያለ የጀማሪዎች ሜዳ ያለውን ቦታ ፈልጉ። ብሬክንሪጅ፣ ኪስቶን፣ ዊንተር ፓርክና ላቭላንድ ለዚህ ይሆናሉ። ላቭላንድ ለዴንቨር ቅርብ ከመሆኑም በላይ የጀማሪዎቹ ስፍራ ከዋናው ተራራ ለብቻው የተለየ ነው፤ ለፈሪ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ኮሎራዶን ትታችሁ ወደ ዩታ ካሰባችሁ ደግሞ አልታ እና ዲር ቫሊ ስኖውቦርድ የማያስገቡ፣ ለስኪ ብቻ የተተዉ ቦታዎች መሆናቸውን ልብ በሉ።

ቀኑ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ቢሆን ይመረጣል። ቅዳሜ ጠዋት አይ-70 በተባለው አውራ ጎዳና ላይ የሚፈጠረው የመኪና ሰልፍ ገና ቦርድ ሳይታሰር ያደክማል።

ትኬት መስኮት ላይ ደርሶ መግዛት በትልልቆቹ ተራሮች ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን ከ200 ዶላር በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ቀደም ብሎ በኢንተርኔት መግዛት ይቀንሰዋል። ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው ትምህርቱን፣ የሊፍቱን (ሰውን ወደ ተራራው ላይ የሚያወጣውን ማመላለሻ) ትኬትና የዕቃውን ኪራይ በአንድ ላይ የያዘው ጥቅል ነው፤ የጀማሪ ትኬት በታችኛው ሊፍት ብቻ የተወሰነ ስለሆነ ዋጋው ዝቅ ይላል። መጀመሪያ ቀን ከዚያ በላይ መውጣት ስለማይቻል የቀረባችሁ ነገር የለም።

ወላጃችሁ ከአገር ቤት ለጉብኝት የመጡ ከሆነ የጉዞ ጤና መድን ያስፈልጋቸዋል። ውሉን ስታነቡ የበረዶ ስፖርትን ይሸፍን እንደሆነ በተለይ እዩ፤ ብዙዎቹ ይህን ለይተው ያስቀራሉ። የአሜሪካ ሆስፒታል ለተሰበረ የእጅ አንጓ የሚያስከፍለውን ያየ ሰው መድኑን አይዘልም።

2. ለከፍታው ተዘጋጁ

ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የብሬክንሪጅ ከተማ ከ2,900 ሜትር በላይ ነው፤ የተራራው ከፍተኛ ሊፍት የሚያበቃው ደግሞ 3,914 ሜትር ላይ ነው፤ ከእንጦጦ አናት በብዙ ይበልጣል። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ ዋሽንግተን ወይም ሂውስተን የሚማረው ልጅ ከባሕር ወለል እምብዛም በማይርቅ ቦታ ስለኖረ ሲያለከልክ፣ ከሳምንት በፊት ከአዲስ አበባ የመጡት እናቱ ምንም ላይመስላቸው ይችላል። እሳቸው 2,300 ሜትር ላይ ኖረው ነውና የመጡት።

ያም ሆኖ ለሁለቱም ጥንቃቄው አንድ ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ዴንቨር እደሩ። ውሃ ደጋግማችሁ ጠጡ፣ አልኮል ተዉ። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ወላጅ ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ያማክር። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት የከፍታ ሕመም ምልክቶች ናቸው፤ ከባሱ መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው። "ይሻለኛል፣ አታስቡ" የሚል ወላጅ እንዳለ አውቃችሁ ራሳችሁ ፊታቸውን እዩ።

3. መንገዱ

ኪራይ መኪና ከያዛችሁ ጎማውን እዩ። በኮሎራዶ ሕግ ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ መጨረሻ ባለው ጊዜ በአይ-70 የተራራ ክፍል ላይ የሚያልፍ መኪና ለበረዶ የሚሆን ጎማ ወይም ሰንሰለት ሊኖረው ይገባል። በረዶ ላይ ነድታችሁ የማታውቁ ከሆነ ግን ባትነዱ ይሻላል። በበረዶው ወራት ከዴንቨር ዩኒየን ጣቢያ ተነስቶ ዊንተር ፓርክ ተራራ ሥር የሚያወርድ ባቡር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1928 የተከፈተውን 10 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የሞፋት ዋሻ አቋርጦ ነው የሚሄደው። ወደ ሌሎቹ ተራሮች ስኖውስታንግ የሚባል አውቶቡስ በሳምንቱ መጨረሻ ይመላለሳል። ሁለቱም የሚሄዱባቸው ቀናት የተወሰኑ ስለሆኑ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

4. ልብስ

ጥጥ አይሆንም። ጂንስ በረዶ ላይ ሁለት ጊዜ ከተቀመጡበት ይረጥባል፤ ከረጠበ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም፤ ጀማሪ ደግሞ ቀኑን የሚያሳልፈው ተቀምጦ ነው። ከሥር ቀጭን የሱፍ ወይም የፖሊስተር ልብስ፣ ከዚያ ሹራብ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ ይለበሳል። ሱሪውን መከራየት ይቻላል። ካልሲ አንድ ብቻ፤ "ይበርደኛል" ብለው ሁለት የሚደርቡ ወላጆች እግራቸው ታፍኖ ደም ስለማይዘዋወር ይበልጥ ይበርዳቸዋል። ጋቢው ይምጣ፣ ለማታ ነው።

ሄልሜት ያለ ክርክር ይደረጋል። ከፍ ብሎ የተሠራ ጸጉር አይገባበትም፤ ወደ ኋላ የተጎነጎነ ሹሩባ ግን ልክ ይገጥማል። ሻሽ የማይለይ እናት ቀጭኑን አስረው ከላይ ሄልሜቱን ማድረግ ይችላሉ። የእጅ አንጓ መከላከያና ከሱሪ ሥር የሚለበስ የዳሌ መከላከያ ብዙ ሰው አይገዛም፤ እኔ ግን ዕድሜው ከሃምሳ ላለፈ ሰው ከጓንት እኩል አስፈላጊ ናቸው ባይ ነኝ። በዚህ ስፖርት ጀማሪን በብዛት የሚያጠቃው የእጅ አንጓ ጉዳት ነው።

የፀሐይ መከላከያ ቅባትም አትርሱ። "እኛ ጥቁሮች ነን፣ አይነካንም" ይባላል፤ ይነካል። አዲስ በረዶ በላዩ ካረፈው የፀሐይ ጨረር እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን መልሶ ፊታችሁ ላይ ይረጨዋል፤ አገጭ ሥርና አፍንጫ ሥር የሚላጠው ለዚህ ነው።

5. ዕቃ መከራየት

የሚከራዩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ቦርድ፣ በላዩ የተገጠሙት ማሰሪያዎችና ጫማ። ከሦስቱ ጊዜ ስጡ የምላችሁ ለጫማው ነው። ቀጥ ብለው ሲቆሙ የእግር ጣት የጫማውን ጫፍ በጥቂቱ ይነካል፤ ጉልበት ሲታጠፍ ይርቃል። ተረከዝ ከጫማው ወለል ከተነሳ ጫማው ሰፊ ነው፤ ይቀየር። ቅጹ ክብደትና ቁመት ይጠይቃል፤ የቦርዱ ርዝመት የሚመረጠው በዚህ ስለሆነ እናታችሁ እዚህ ላይ እንኳ እውነቱን ይናገሩ።

ከዚያ "የትኛው እግር ነው የሚቀድመው?" ይባላሉ። መልሱን ቤት ሳላችሁ አግኙት፤ በካልሲ ለስላሳ ወለል ላይ ተንደርድሮ መንሸራተት ነው። ሳያስቡት ወደፊት የሚወጣው እግር ቦርዱም ላይ ፊተኛው ይሆናል።

6. ወላጃችሁን ራሳችሁ አታስተምሩ

ምንም ጎበዝ ብትሆኑ። አባት ከልጁ "ጎንበስ፣ ቀና፣ ኧረ ጉልበትህን እጠፍ!" ሲባል አንድም ይቆጣል፣ አንድም ለልጁ ሲል ከአቅሙ በላይ ይሞክራል፤ ሁለተኛው የባሰ ነው። ለአስተማሪ ክፈሉ። እናንተም ጀማሪ ከሆናችሁ አንድ ክፍል ግቡ፤ ካልሆናችሁ እነሱ ሲማሩ ሌላ ቦታ ሂዱ። ልጁ ቆሞ ሲያየው የሚረጋጋ ጀማሪ ወላጅ አላየሁም። አስተማሪው የሃያ ዓመት ወጣት ሊሆን እንደሚችልና ያለ "አቶ" በስማቸው ብቻ እንደሚጠራቸው ቀድማችሁ ንገሯቸው።

7. በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚሠራው

መጀመሪያ አወዳደቅ ይለመድ። ወደፊት ሲወድቁ በጉልበትና በክንድ ማረፍ ነው፤ መዳፍ ተዘርግቶ ከተመከተ አንጓ ይሰበራል፤ ስለዚህ እጅ ይጨበጥ። ወደ ኋላ ሲወድቁ አገጭን ወደ ደረት ስቦ በመቀመጫ ማረፍና ወደ ጀርባ መንከባለል ነው።

ቀጥሎ ፊተኛው እግር ብቻ ታስሮ ሜዳው ላይ ይኬዳል። ኋለኛው እግር በረዶውን ይገፋል፣ ቦርዱ ይንሸራተታል። አሰልቺና የሚያለፋ ነው፤ ሊፍት ላይ መውጣትም መውረድም ግን በዚህ ስለሆነ አይዘለልም።

ከዚያ ሁለቱም እግሮች ታስረው፣ ፊትን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ መቆም ነው። ቦርዱ ቁልቁለቱን አግድም ይዘጋዋል። የእግር ጣቶች ወደ ላይ ሲነሱ በተረከዝ በኩል ያለው ጠርዝ በረዶውን ይነክሳል፤ ይቆማሉ። ጣቶች በትንሹ ዝቅ ሲሉ ቦርዱ ቀስ ብሎ ወደ ታች ይፋቃል። ስኖውቦርድ ማለት በአመዛኙ ይህች የጣት እንቅስቃሴ ናት። እሷን ካገኙ በኋላ ክብደትን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ እግር በማሳለፍ እንደሚረግፍ ቅጠል ወዲያና ወዲህ እያሉ መውረድ ይቻላል። አንድ ወላጅ በመጀመሪያው ቀን እዚህ ከደረሰ ቀኑ ተሳክቷል።

በማግስቱ ያው ነገር ፊትን ወደ ተራራው አዙሮ በጣቶች በኩል ባለው ጠርዝ ይሠራል። መታጠፍ የሚመጣው ሁለቱን ማገናኘት ሲቻል ነው። የሚያስፈራው ቦርዱ ቀጥ ብሎ ቁልቁል የሚያይባት ቅጽበት ናት፤ ሰውነት በደመ ነፍስ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ያኔ ቦርዱ አልታዘዝ ይላል። ክብደት ፊተኛው እግር ላይ ይሁን፤ ዓይን መሄድ የሚፈለግበትን ይይ። እግርን የሚያይ ሰው እግሩ ሥር ይወድቃል። በቁልቁለቱ በኩል ያለው ጠርዝ በረዶውን ከነከሰ ሰው ሳያስበው ይዘረራል፤ ከስኪ በተለየ የስኖውቦርድ ማሰሪያ በመውደቅ አይፈታም።

የወንበር ሊፍቱ ላይ ኋለኛው እግር ተፈትቶ ይወጣል። ወንበሩ ሲደርስ በትከሻ ወደ ኋላ እያዩ መቀመጥ፣ መከለያውን ማውረድ፤ ጫፉ ሲቀርብ መከለያውን ማንሳት፣ የቦርዱን አፍንጫ ከፍ አድርጎ ቀጥ ማስያዝ፣ ነፃውን እግር በሁለቱ ማሰሪያዎች መካከል ረግጦ መነሳትና ቀጥታ መንሸራተት። ልጅና ወላጅ እዚህ ላይ የሚሠሩት ስሕተት እርስ በርስ መያያዝ ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሁለቱም ይወድቃሉ። ሠራተኛውን ሊፍቱን ቀስ እንዲያደርግ መጠየቅ ይቻላል፤ በየቀኑ የሚጠየቀው ነው።

8. ሰዓትና ደንብ

የመጋቢት በረዶ በቀን ውስጥ ይለዋወጣል። ሌሊቱን የጠነከረው እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ድረስ እንደ ድንጋይ ነው፤ ከ4 እስከ 7 ሰዓት ይለሰልሳል፤ ከ8 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ያገኘው ይከብድና እግር ይይዛል። ትምህርቱን መካከለኛው ላይ አድርጉት። "የመጨረሻ አንድ ዙር" የሚባለውን ተዉት፤ የደከመ ጉልበት የሚጎዳው እሷ ላይ ነው።

ከእናንተ በታች ያለው ሰው ቅድሚያ አለው። ስታርፉ ከላይ የሚመጣው በሚያያችሁ ቦታ፣ ዳር ይዛችሁ ተቀመጡ። አረንጓዴ ክብ የቀላል መንገድ ምልክት ነው፣ ሰማያዊ ካሬ መካከለኛ፣ ጥቁር አልማዝ ከባድ። ተለያይታችሁ ከሆነ የምትገናኙበት ቦታና ሰዓት አስቀድሞ ይታወቅ፤ ስልክ በብርድ ባትሪው ቶሎ ስለሚሞት ውስጠኛው ኪስ ውስጥ ይያዝ።

9. ምግብ

ጊዜው አብዛኛውን ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ተራራ ላይ ያለው ምግብ ቤት ከድንች ጥብስ በቀር ለጿሚ የሚሆን ብዙ ነገር የለውም፣ ዋጋውም አይቀመስ። ስለዚህ ወጥ ቤት ያለው ማረፊያ ተከራዩ፣ እንጀራውን ከአውሮራ ገዝታችሁ ውጡ፤ የተራራው አየር ደረቅ ስለሆነ በላስቲክ በደንብ ይሸፈን። ምስር ቶሎ አይበስልም፤ ውሃ በዚያ ከፍታ 90 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ነው። ጠዋት በስኳር የተበጠበጠ በሶ፣ በጃኬት ኪስ ቆሎ፤ ከዚህ የሚሻል የበረዶ ስንቅ አላውቅም። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ወላጅ ግን በባዶ ሆድ ከ2,900 ሜትር በላይ መውደቅና መነሳት ስለሚከብዳቸው አስቀድመው የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ። ረመዳን በዚሁ ወቅት ሲውልም ለጿሚው ውሃ ሳይጠጡ መዋል ከምግቡ የባሰ ስለሆነ ጉዞውን ከዒድ በኋላ ማድረግ ይመረጣል።

10. ሦስተኛው ቀን

ሰውነት የሚቆረጥመው በሦስተኛው ቀን ነው። ያን ቀን ወላጁ ይረፉ። ብሬክንሪጅ ከሆናችሁ ከከተማው ወደ ተራራው የሚወጣው ጎንዶላ (በሽቦ ላይ የሚሄድ ዝግ ሳጥን) ነፃ ነው፤ ያለ ቦርድ ወጥተው ቡናቸውን እየጠጡ ተራራውን ማየት ይችላሉ። እናንተም ሰማያዊ መንገዶቹን የምትሞክሩት ያኔ ነው። የተከራያችሁትን ዕቃ ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት መልሱ፤ ጥሩ ላስተማረ አስተማሪ ጉርሻ መስጠት የአገሩ ልማድ ነው። ወላጃችሁ "ለከርሞስ?" ካሉ ደግሞ የሚቀጥለው የበረዶ ወቅት ፓስ (ወቅቱን ሙሉ የሚያገለግል የሊፍት ትኬት) መሸጥ የሚጀምረው በዚሁ የዕረፍት ሰሞን አካባቢ ነው፤ ዋጋው ያኔ ዝቅተኛ ነው፣ አንዳንዱም ለኮሌጅ ተማሪ ቅናሽ አለው። ታኅሣሥ ላይ የሚያስብ ግን ሽያጩ ተዘግቶ ሊያገኘው ይችላል።