በፔስሜከር መዝገብ የእንቅልፍ አተነፋፈስ መዛባትን መለየት

አንዳንድ ፔስሜከሮች የልብን ምት ከማስተካከል ባሻገር ሌሊት ላይ አተነፋፈስን ይከታተላሉ። ይህንንም የሚያደርጉት በልብ ውስጥ ባለው ሽቦና ከቆዳ ሥር በተቀበረው መሣሪያ መካከል ታካሚው የማይሰማው ደካማ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ ነው፤ ሳንባ አየር ሲሞላ ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ደረት ኤሌክትሪክን የሚገታበት መጠን፣ ይጨምራል፤ አየሩ ሲወጣ ይቀንሳል። ይህ መዋዠቅ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ጎልቶ ሲቀንስ ወይም ሲጠፋ አንድ ክስተት ይመዘገባል፤ የሌሊቱ ውጤትም በሰዓት ስንት ክስተት እንደታየ ይገለጻል።

ክትትሉን የሚያካሂደው ባለሙያ የመሣሪያው የአተነፋፈስ መከታተያ መከፈቱን ካረጋገጠ በኋላ ታካሚው የሚተኛበትን ሰዓት ይጠይቅ። መሣሪያው የአንጎል ሞገድ ስለማያነብ ሰውየው ይተኛ ይንቃ አያውቅም፤ የሚቆጥረው በተወሰነለት ሰዓት ብቻ ነው። በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ሰዓቱ ካልተስተካከለለት፣ የሚወጣው ቁጥር የሥራውን እንጂ የእንቅልፉን አተነፋፈስ አያሳይም።

መዝገቡ ሲነበብ በአንድ ሌሊት ላይ መፍረድ አይገባም። አልኮል ወይም በጀርባ መተኛት የአንዱን ሌሊት ቁጥር ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል፣ የሳምንታት አዝማሚያ ይታይ፤ የዚህ መሣሪያ ትልቁ ብልጫም ይኸው ይመስለኛል። በእንቅልፍ ላቦራቶሪ በሰዓት ከ5 እስከ 15 የሚደርስ ክስተት ቀላል፣ እስከ 30 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። እነዚህን ወሰኖች ግን ለፔስሜከር ቁጥር እንዳሉ መጠቀም ስህተት ነው፤ አምራቾች ክስተትን የሚተረጉሙበት መንገድ ስለሚለያይ የየመሣሪያው መመሪያ ይታይ።

ከፍተኛ ቁጥር ጥርጣሬ እንጂ ምርመራ አይደለም። ስለ ማንኮራፋት፣ ስለ ቀን እንቅልፍና ለመድኃኒት አልበገር ስላለ የደም ግፊት ይጠየቅ፤ በዚያው መሣሪያ የተመዘገበ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለ የልብ ምት መዛባት ካለም አብሮ ይመዘን። ከዚያም ታካሚው ወደ ፖሊሶምኖግራፊ፣ ማለትም በእንቅልፍ ጊዜ የአንጎል ሞገድ፣ አተነፋፈስና የደም ኦክስጅን አብረው ወደሚለኩበት ምርመራ፣ ይላክ፤ ምክንያቱም ፔስሜከሩ የደም ኦክስጅንን አይለካም፣ ችግሩ የመጣው ከጉሮሮ መዘጋት ይሁን ከአንጎል ትእዛዝ መቋረጥም በአስተማማኝ ሁኔታ አይለይም። ጉሮሮ ተዘግቶም ደረት መንቀሳቀሱን ስለማያቋርጥ አንዳንድ ክስተቶች ያመልጡታል፤ ስለዚህ ምልክት ያለበትን ሰው ዝቅተኛ ቁጥር ነፃ አያወጣውም።

ዓይነቱን መለየት የግድ ነው። የልብ ድካም ኖሯቸው የልባቸው የመርጨት አቅም (ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም የሚረጨው ድርሻ) 45 በመቶና ከዚያ በታች የሆነ፣ ችግራቸውም በአብዛኛው ከአንጎል የሚመነጭ ሕሙማን፣ አዳፕቲቭ ሰርቮ ቬንቲሌሽን የተባለው የመተንፈሻ እርዳታ በልብ ሕመም የመሞት አደጋቸውን እንደጨመረ በ2015 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ታካሚው በሲፓፕ፣ ማለትም በጭምብል በኩል አየር በግፊት እየሰጠ ጉሮሮ እንዳይዘጋ በሚያደርግ መሣሪያ፣ መታከም ከጀመረ፣ የቀድሞው አዝማሚያ መውረድ አለመውረዱ በየቀጠሮው ይታይ፤ ካልወረደ መጀመሪያ የሚጣራው ጭምብሉ በትክክል መግጠሙና በየሌሊቱ መደረጉ ነው።